ስንዴ በስንዴ ላይ

የኦቦ ፉፋ ማሳ ከኮንዶሚኒየማችን አጥር ጀርባ ይጀምርና ሽቅብ ወጥቶ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሲጀምር ያበቃል። አራት ጥማድ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ አራት ቀን የሚውልበት። ከኮተቤ በላይ ባለው በዚህ ዳገት ላይ የቀረ የመጨረሻው የእህል መሬት ሳይሆን አይቀርም። ዙሪያውን ብሎኬት፣ ቆርቆሮና ያላለቀ ፎቅ ከቦታል።

እኔ እዚህ የገባሁበት ክረምት ማሳው ባቄላ ነበር። አበባው ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ዝናብ ሲያባራ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። በዓመቱ በዚያው መሬት ላይ ስንዴ አየሁ። ጥቅምት ላይ ነፋስ ከጋራው ሲወርድ ስንዴው ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ ይተኛና ይነሳል። ያደግሁበትን አገር ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ እዚያ መስኮት አጠገብ ቆሜ የቀረሁባቸው ጠዋቶች ነበሩ።

ወተት የምንወስደው ከኦቦ ፉፋ ባለቤት ከአዴ ዳርቱ ነበር። ጆግ ይዤ አጥሩን ስዞር ኦቦ ፉፋ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ማሳቸውን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። ረጅም፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እንደ ልባቸው የሚሻገሩ ሰው ናቸው። አባታቸው ሚልኬሳ ያርሱት የነበረው መሬት እኛ የምንኖርበትን ሁሉ ይጨምር ነበር።

«ሳሎንህ ያለበት ጥሩ የምስር መሬት ነበር» አሉኝ አንድ ቀን።

«መኝታ ቤቱስ?»

«እሱ ውኃ ያቁር ነበር። ለእንቅልፍ ይሻላል» ብለው ሳቁ።

ሚልኬሳ ለልጃቸው ያወረሱት መሬቱን ብቻ ሳይሆን የመሬቱንም ተራ ነው። መጀመሪያ ገብስ፣ ከገብስ ቀጥሎ ባቄላ፣ ከባቄላ ቀጥሎ ስንዴ፣ ከስንዴው በኋላ መሬቱ አንድ ክረምት ጦም ያድራል። ባቄላው ራሱ ብዙ አያስገባም፤ ውለታው የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከባቄላ በኋላ የተዘራ ስንዴ ከዚያ ማሳ ሃያ አራት ኩንታል ይታፈስበታል፣ ያውም በጥቂት ማዳበሪያ። ጦም ያደረበትም ዓመት ቢሆን ከንቱ አይደለም። ላሞቹ ይግጡበታል፣ ፋንድያቸውን ይተዉበታል፣ አረሙም ሳያፈራ ይገለበጣል። እንዲህ ተራው ሲጠበቅ፣ ይሉ ነበር አዴ ዳርቱ፣ ቤት አንድም ዓመት አይጠግብም፤ አንድም ዓመት ግን አይራብም።

ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ የታችኛው መሬታቸው የተወሰደው ግን በጦሙ ዓመት ነበር። ሊለኩ የመጡት ሰዎች ሣርና ላሞች አዩና «የግጦሽ መሬት» ብለው መዘገቡት። አጠገባቸው ስንዴ የዘራው ጎረቤት በካሳው ቤት ሠራ። የኦቦ ፉፋ ካሳ ሁለት ጥጃ ገዝቶ አለቀ። ሰው የሚጎዳው በስንፍናው ነው እየተባሉ ያደጉ ሰው፣ ደንቡን ጠብቀው በመገኘታቸው መጎዳታቸው ከሆዳቸው አልወጣም።

ስለዚህ እኔ ያየሁት ስንዴ ታጭዶ እንዳለቀ፣ ሦስት ሰዎች መጥተው በማሳው ማዕዘኖች ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ችካል ሲተክሉ፣ ኦቦ ፉፋ የዚያን ቀኑን «ግጦሽ» የሚለውን ቃል ነው ያስታወሱት። ካሳው የሚታሰበው ገማች መጥቶ በሚያገኘው እህል ነው ተባለ። ከእህል ሁሉ ደግሞ ስንዴ ይሻላል ተባለ። መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ አልነበረም። «ዘንድሮ ካልሆነ ከርሞ ነው» ይል ነበር በሰፈሩ የሚዞረው ደላላ፣ ሲጠየቅም ሳይጠየቅም።

ያን ሰሞን ወተት ልወስድ ሄጄ ባልና ሚስቱ ሲነጋገሩ ደረስሁ። አዴ ዳርቱ ወተቱን እየሰፈሩልኝ ነው የሚናገሩት።

«ዘንድሮ ተራው የጦም ነው፣ የኤቢሳ አባት።»

«ጦም አድሮ ቢመጡስ? ዳግመኛ ግጦሽ ብለው ሊጽፉት?»

«እሺ ባቄላ አድርገው። ገብስ አድርገው።»

«ባቄላ ማን ይከፍልበታል? ስንዴ ነው የሚዘራው። እስኪመጡ ድረስ ስንዴ ነው።»

«ስንዴ በስንዴ ላይ?»

«እስኪመጡ ነው አልኩሽ።»

አዴ ዳርቱ ጆጌን ሞልተው አቀበሉኝና «መሬቱን ለገማች ሊያርስ ነው» አሉኝ፣ ባላቸው እዚያ የሌሉ ይመስል።

«ለማን ላርሰው? ለአያትሽ?»

«አያቴማ ቢሆን ይበላልህ ነበር። ገማች እህል አይበላም።»

ኦቦ ፉፋ ሳቁ። ስንዴውንም ዘሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ብዙም አልከፋም። ማዳበሪያውን እጥፍ አድርገው አሥራ ሰባት ኩንታል አገኙ። ገማች አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት ሲናር የሚባለው አረም ገባ። ሲናር ዘለላ እስኪያወጣ ድረስ መልኩ ስንዴ ነው፤ ለይቶ ለመንቀል ቢሞክሩ ስንዴው አብሮ ይነቀላል። ሌላ እህል በየመሐሉ ሲገባ መንገዱ ይዘጋበት ነበር። አሁን በየዓመቱ የሚያውቀውን እህል እያገኘ ረባ። ባለፈው ስንዴ ቃርሚያ ውስጥ የከረመው በሽታም አዲሱን ስንዴ ከሥሩ ጀምሮ ወረሰው። ያን ዓመት አሥራ አንድ ኩንታል ገባ። የማዳበሪያው፣ የፀረ አረሙና የአጫጁ ወጪ ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላለም። ገማች አሁንም አልመጣም።

ለሦስተኛው ዓመት ማዳበሪያ ሲሉ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን፣ ቡሬን፣ ሸጡ። የቀረው ዳለቻ የሚሉት ነው። አንድ በሬ የቀረው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር አቀናጅቶ፣ ቀን ተካፍሎ ያርሳል፤ መቀናጆ ይሉታል። ሰው በመቀናጆም ቢሆን ገበሬ ነው። «ዳለቻ የሄደ ቀን ግን» አሉኝ ኦቦ ፉፋ፣ «እኔም ኮንዶሚኒየም እንዳለው ሰው መሬቱን በመስኮት የማይ መሆኔ ነው።» ይህን ሲሉኝ ወደ ፎቁ እንጂ ወደ እኔ አላዩም።

ልጃቸው ኤቢሳ በኮተቤ መንገድ ሚኒባስ ይነዳል። በሬው ይሸጥና ለአባቱ ሌላ ሥራ ይፈለግ ይል ነበር። ኦቦ ፉፋ አልሰሙትም። በሦስተኛው ዓመትም ስንዴ ዘሩ።

ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ማሳው ገርጥቶ፣ ዘለላው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፍሬ የሌለው ዘለላ አንገቱን አይደፋም። ኦቦ ፉፋ ዳር ዳሩን ሲዞሩ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ማዕዘን ላይ ቆሙ። ሰፊ ግቢ በሚያክል ቦታ ላይ ስንዴው ወገባቸው ድረስ ወጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ዘለላው ከብዶት ተጎንብሷል። ሚስታቸውን ጠሩ።

«እዚህ ፍግ ደፍተሻል?»

«አልደፋሁም።»

«ማዳበሪያውን እዚህ ላይ ደፋሁት ይሆን?»

«አምና ጎርፉ ዘሩን የጠረገው ቦታ ነው። እኔ ባቄላ ጣል አድርጌበት ነበር፤ ለወጥ።»

ኦቦ ፉፋ አምና ባቄላውን አይተውታል፤ የሴት ጓሮ ብለው ንቀው አልፈውታል። አጨዳው ሲደርስ ግን ያንን ማዕዘን ለብቻው አጨዱት፣ ለብቻው ከመሩት፣ ለብቻው ወቁት። አንድ ጆንያ ሞልቶ ተረፈ። ከሌላው ማሳ ያንኑ የሚያክል ቦታ ለክተው ቢወቁ ጆንያው ከግማሽ በታች ቀረ። ከጠቅላላው የገባው ሰባት ኩንታል ነው። አዴ ዳርቱ ሁለቱን ጆንያዎች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ኦቦ ፉፋ «ለዘር የሚሆን ባቄላ ከየት ይገኛል?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ የማውቅ ይመስል። የጠየቁት ሚስታቸው እንዲሰሙ ነው።

ሰኔ ላይ መላው ማሳ ባቄላ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ባቄላው መሬቱን ይመልሳል፤ ገለባው ዳለቻን ያከርማል፤ ፍሬው ተሸጦ ለከርሞ የስንዴ ዘር ይሆናል፤ ያ ስንዴ እንደ ድሮው ሃያ አራት ኩንታል ከሰጠ ቡሬን የሚተካ በሬ ይገዛል። ገማች ከመጣ ይምጣ። ክረምቱ ደግ ነበር። ነሐሴ ላይ ያ ሽታ ተመልሶ ደረጃችንን ወጣ።

ከዚያ እሸት ደረሰ።

እሸት በዚያ ቤት ደንብ አለው። ሚልኬሳ ከመንገዱ ጋር የሚዋሰኑትን ትልሞች የራሴ ናቸው ብለው ቆጥረዋቸው አያውቁም። ለንግሥ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ፣ እንጨት ይዞ የሚወርድ፣ የራበው መንገደኛ ሁሉ ከዳር ቆርጦ ይበላል፤ ልጣጩን እዚያው ይጥላል፣ «ይባርክላችሁ» ብሎ ያልፋል። ከዳር አልፎ መሐል አይገባም፤ ቋጥሮም አይሄድም። እሸት የከለከለ ገበሬ ደግሞ የአውድማው በረከት ይነሳል ይባላል። ኦቦ ፉፋ በዕድሜያቸው ማንንም ከእሸት ላይ አባርረው አያውቁም። ላለፉት ዓመታት ስንዴ ብቻ ስለዘሩ፣ ከእኛ ሰፈር ጋር በእሸት ተገናኝተው አያውቁም ማለት ይቻላል። እኔ በገባሁበት ዓመት የነበሩት አባወራዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አሁን ሁሉም ብሎኮች ሞልተዋል።

የመጀመሪያዋ ሒሩት ናት፤ የእኛ ብሎክ ነዋሪ፣ ጉርድ ሾላ ቢሮ የምትሠራ፣ ትሑት ሴት። ቅዳሜ ልጆቿን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ለልጆቹ ትንሽ ብንቀጥፍ ይቆጣሉ?»

«ብሉ እንጂ፣ እሸት ይከለከላል እንዴ?»

ልጆቹ በሉ፤ ጥሬ ባቄላ ዛፍ ላይ የሚበቅል መስሏቸው እንደነበር ነግረዋቸው ኦቦ ፉፋን አሳቋቸው። ሒሩት አመስግና ሄደች። ያነሳችውን ፎቶ በሕንፃው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው፤ «ከአጥሩ ጀርባ እሸት አለ፣ ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው» ብላ። ክፋት አልነበረባትም።

እሑድ ሃያ ያህል ሰው መጣ። በመስቀል ሰሞን መንገዱ የገበያ መንገድ መሰለ። አንዳንዱ የሚበላውን በልቶ ይሄዳል። ሌላው ፌስታል ይዞ፣ ከዚያም ጆንያ ይዞ መሐል ይገባል። ኦቦ ፉፋ ዳር ላይ ቆመው «ከዳር፣ ከዳር ብሉ» ይላሉ። አንድ ወጣት በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ፣ የሞላ ፌስታል በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኙት።

«ይኼ መብላት ነው?» አሉት።

«ፋዘር፣ ብሉ አላሉም እንዴ?»

«ብሉ አልኩ። ጫኑ አላልኩም።»

«ሆዴ ትንሽ ነው፣ ቤት ወስጄ ልጨርሰው።» አብረውት ያሉት ሳቁ። «ደግሞ ይኼ መሬት ችካል አለበት። የመንግሥት ነው።»

«መሬቱ ይሁን። ባቄላው የኔ ነው።»

«ይባርክልዎ» አላቸው ልጁ፤ ትክክለኛውን ቃል ነው የተናገረው፤ ከዚያ አለፈ።

አዴ ዳርቱ አጥሩ ላይ ሆነው ያያሉ። «ጩህባቸው» አሉ ለባላቸው። «አንዴ ብትጮህ እኮ ይበቃል። የከተማ ሰው ጩኸት ይፈራል።» ኦቦ ፉፋ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ አልጮሁም። አንድ ጊዜ አፋቸውን ሲከፍቱ አይቻለሁ፤ በዚያው ቅጽበት አንዲት እርጉዝ ሴት ጎንበስ ብላ አንድ ዘለላ ቆረጠች፤ አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

ኤቢሳ ሚኒባሱን አቁሞ መጣ። ማሳውን አየ፤ መሐል ለመሐል ጥርጊያ ወጥቶበታል፣ ያልተቀጠፈውም ተረግጦ ተኝቷል።

«አባዬ፣ ከታክሲ ተራው ልጆች ይዤ ልምጣ? ማንንም አንነካም፣ ዱላ ይዘን መቆም ብቻ።»

«እሸት ላይ ዱላ አይነሳም።»

«እሱ ለመንገደኛ ነው።»

«እነዚህስ?»

«እነዚህማ መንገደኛ አይደሉም፣ ጎረቤት ናቸው። መንገደኛ አንዴ በልቶ ያልፋል። እነዚህ የትም አይሄዱም።»

ኦቦ ፉፋ የተረገጠ አንድ አገዳ በዱላቸው ቀና አደረጉ። ልጃቸው ልክ እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል። ደንቡ የተሠራው ለሚያልፍ ሰው ነበር። የማያልፍ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሚልኬሳ አልነገሯቸውም፤ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ከራሳቸው አዲስ ደንብ ማውጣት አልሆነላቸውም። «በረከቱ ይነሳል» አሉ በመጨረሻ። ኤቢሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ።

መስከረም ሲያልቅ የተረፈው ከላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያለው ብቻ ነበር፤ ከዚያም ጃርት ድርሻውን ወሰደ። በእኛ ደረጃ ላይ ግን የባቄላ ልጣጭ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠረግ ሰነበተ። ኅዳር ላይ ኦቦ ፉፋና አዴ ዳርቱ የቀረውን አጭደው ወቁ። ሁለት ጆንያ ተኩል ሆነ፤ ከዘሩት ጋር እኩል ነው። ገለባውም አልነበረም፤ እሸቱን የወሰደው ሰው አገዳውን ከነቅጠሉ ቆርጦ ነው የወሰደው። የሚገዛ ዘር የለም፣ ለበሬ የሚሆን መኖ የለም። ዳለቻ ለጥምቀት ገበያ ወጣ። ኦቦ ፉፋ ገበያ አልሄዱም፤ የሸጠው ኤቢሳ ነው።

መሬቱ ግን ተመልሶ ነበር። ባቄላ ፍሬውን ቢዘርፉትም ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል።

ይህን ያወቀው ይድነቃቸው ነው። ጉርድ ሾላ ቢሮ ያለው፣ አንድ ትራክተር ያለው፣ በከተማው ዳር የቀረ ቁራጭ መሬት እየተከራየ የሚያርስ ሰው ነው። ግንቦት ላይ መጥቶ ማሳውን ዞረ። አንድ ደረቅ አገዳ ነቅሎ፣ አፈሩን አራግፎ፣ ሥሩ ላይ ያሉትን፣ መሬት የሚያዳብሩትን ትንንሽ እብጠቶች በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው።

«አምና ባቄላ ነበር፣ ኦቦ ፉፋ?»

«ነበር።»

ሌላ አልጠየቀም። ለሁለት ዓመት ተዋዋሉ።

ይድነቃቸው ስንዴ ዘራ። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ስንዴው ከጋራው እስከ አጥራችን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲወዛወዝ ሰው በየበረንዳው ወጥቶ ፎቶ ያነሳው ነበር። ማዳበሪያ የነካው ጥቂት ነው፤ ሲናሩም በአንድ ዓመት ባቄላ ሳስቷል። ኮምባይነሩ መጥቶ በግማሽ ቀን ጨረሰው። ኦቦ ፉፋ ሳይጠሩ ሄደው ጆንያ ያዙ። ሃያ ስድስት ኩንታል ሆነ። ከአንዱ ጆንያ እጃቸውን አስገብተው እፍኝ አወጡ፣ አዩት፣ መለሱት።

«የእርስዎ መሬት ነው እንዲህ የሰጠ» አላቸው ይድነቃቸው። ሊያስደስታቸው ፈልጎ ነው።

«አዎ» አሉ።

በሚቀጥለው ሰኔ፣ ትራክተሩ ሲመለስ፣ ኦቦ ፉፋ ወርደው ይድነቃቸውን አነጋገሩት። እኔም ወተት ይዤ ስመለስ ስለነበር አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ዘንድሮ ባቄላ አድርጉበት። አለዚያ ገብስ። ስንዴ አትድገሙ።»

«ባቄላ ብዘራ ትርፉ የሚመጣው መቼ ነው?»

«ከርሞ።»

«ከርሞ ማሳው የማን ነው?»

«የኔ።»

«አዩ» አለ ይድነቃቸው በትሕትና፤ የሚቀልድ ሰው አይደለም። «እኔ ለእርስዎ ባቄላ አልዘራም። ስንዴው ቢቀንስም ዘንድሮን ያዋጣኛል። ከርሞ ውላችን ሲያልቅ እርስዎ ይዝሩት ባቄላውን።»

«በምን በሬ?»

ይድነቃቸው ወደ ትራክተሩ ተመለሰ። ኦቦ ፉፋም አልተቆጡትም፤ መሬቱን ለመሬቱ ሳይሆን ለሌላ ነገር ማረስን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ስንዴ በስንዴ ላይ ተዘራ፤ አሥራ አምስት ኩንታል ገባ። ሲናሩ ተመለሰ። ውሉ ሲያልቅ ኦቦ ፉፋ ደውለው ሌላ ዓመት ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁት። «አሁን ደክሟል፣ ኦቦ ፉፋ» አላቸው። «ካረፈ በኋላ ይደውሉልኝ።»

ዘንድሮ መሬቱ ጦም አድሯል። ተራው ደርሶ ሳይሆን የሚያርሰው ጠፍቶ ነው። ለገማች ሲባል ሦስት ዓመት ስንዴ የተዘራበትን ማሳ እስከ ዛሬ የጠየቀው ገማች የለም። ሲናሩ አፍርቶ ዘሩን አራግፏል፤ የሚገለብጠው ማረሻ ስላልነበረ ለሚመጣው ዓመት እዚያው ተቀብሯል።

በኅዳር አጋማሽ ኦቦ ፉፋ ኤቢሳን ጠርተው የቤታቸውን በር እንዲያነሳ አዘዙት። በማሳው በኩል የነበረውን በር በጭቃ ደፈኑት፤ በመኪናው መንገድ በኩል ግድግዳውን ፈልፍለው ሳንቃውን እዚያ ሰቀሉት። አዴ ዳርቱ ጭቃውን አቡክተው አቀበሏቸው። ላሞቹም ተሸጠው ወተቱ አሁን ከሱቅ በፌስታል የሚገዛ ስለሆነ ወደዚያ የሚወስደኝ ጉዳይ የለም፤ ያየሁት ከታክሲ ስወርድ ነው። ኦቦ ፉፋ ጀርባቸውን ለማሳው ሰጥተው በአዲሱ ደጃፋቸው ተቀምጠው መኪናውን ያያሉ።

ሰፈሩ ኦቦ ፉፋ ሱቅ ሊከፍቱ ነው ብሎ አወራ። ምን እንደሚሸጡም ገምተው የጨረሱ ነበሩ። ሱቅ አልተከፈተም።